የይለፍ ቃሎቻችንን የት እናስቀምጥ? ደብተር፣ ብራውዘር፣ ቢትዋርደን፣ ኪፓስ እና ዋንፓስዎርድ ሲነጻጸሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከሱቁ የሚወጣው የጂሜይል አካውንት ተከፍቶለት፣ የይለፍ ቃሉም በስልኩ ካርቶን ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎለት ነው። አካውንቱን የከፈተው የስልክ ቤቱ ልጅ ነው፤ ቃሉን የመረጠውም እሱ ነው፤ ቃሉም አብዛኛውን ጊዜ የገዢው ስም ከስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ አኃዞች ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስልኩ ሲጠፋ ካርቶኑ ከተጣለ ቆይቷል፤ የልጆች ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥሮች፣ በዚያው ኢሜይል የተከፈተው የፌስቡክ ገጽ ሁሉ ከተዘጋ በር ጀርባ ይቀራሉ። አካውንታችንን አስመልስልን ብለው እርዳታ ከጠየቁኝ ዘመድ ወዳጆች መካከል በሰርጎ ገብ የተጠቁት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት የራሳቸውን ቁልፍ ያጡ፣ ወይም ቁልፋቸው ከመጀመሪያውም በሌላ ሰው እጅ የነበረ ናቸው። ይህ መመሪያ አምስቱን አማራጮች ሲመዝን ለዚህ ችግር ከፍ ያለ ቦታ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ከነጭራሹ ለምን ተነሣ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ አንድን ቃል ለሁሉም አካውንት መጠቀም አደገኛ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ የተባለው ድርጅት ሲጠለፍ ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች ያለ ምንም ምስጠራ እንደተጻፉ ወጡ፤ ከሁሉም የበዛውም 123456 ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ቦታ የወጣ የኢሜይልና የይለፍ ቃል ዝርዝር በዚያ ብቻ አይቀርም፤ አጥቂዎች በፕሮግራም እየታገዙ ያንኑ ጥንድ በጂሜይል፣ በፌስቡክ፣ በዎርድፕረስ (ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ሶፍትዌር) መግቢያ ገጾች ሁሉ ይሞክሩታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ ቃል ያስፈልጋል፤ ሠላሳ አርባ የተለያዩ ቃላትን ደግሞ በጭንቅላት መያዝ አይቻልም፤ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለባቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ መልሶ መግባት ነው፦ ስልኬ ዛሬ ማታ ቢሰረቅ፣ ነገ ጠዋት በሌላ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የይለፍ ቃሎቼን ማግኘት እችላለሁ ወይ? ሁለተኛው፣ ከእኔ ሌላ ማን ሊያያቸው ይችላል የሚለው ሲሆን፣ ይህ ጥያቄ አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅት ብቻ ሳይሆን ቤተሰብን፣ የሥራ ባልደረባንና የስልክ ጠጋኝንም ያጠቃልላል። ሦስተኛው ኢንተርኔት በሌለበት መሥራቱ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይህን መመዘኛ እንደ ትርፍ ነገር አያየውም። አራተኛው ክፍያ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ጭምር ነው። አምስተኛው ማጋራትና ማስረከብ ሲሆን፣ ድረ ገጽ ላለው ሰው ከሁለተኛው እኩል ይከብዳል። የመጨረሻው ሐሳብ ቢለወጥ መውጣት መቻሉ፣ ማለትም የተከማቹትን ቃላት በሙሉ በፋይል አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ መቻሉ ነው።

ወደ አማራጮቹ ከመግባቴ በፊት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ማስቀመጫ አለ፤ እሱም የቴሌግራም የራስ መልእክት ሳጥን ነው። እዚያ የተላከ ጽሑፍ በቴሌግራም አገልጋዮች ላይ የሚቀመጥ እንጂ በላኪው ቁልፍ ብቻ የሚከፈት አይደለም፤ ስልኩን ለደቂቃ የተዋሰ ሰውም ፈልጎ ያገኘዋል። እንደ አማራጭ አልቆጠርኩትም።

የማስታወሻ ደብተር

ደብተርን የሚንቁ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም። ቤት ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠን ደብተር ከባሕር ማዶ ሆኖ ማንም ሊሰርቀው አይችልም፤ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር ይነበባል፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አምስት ስድስት አካውንት ብቻ ላላቸውና ሶፍትዌር ለማይወዱ አረጋዊ ወላጅ፣ በስልክ ካርቶን ላይ ከተጻፈ ደካማ ቃል ይልቅ በደብተር የተጻፈ ጠንካራ ቃል እጅግ ይሻላል።

ድክመቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ምትኬ የለውም፤ ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ረጅምና ዘፈቀደ የሆነ ቃልን እየተመለከቱ በስልክ መጻፍ ስለሚያሰለች ሰው ውሎ አድሮ ወደ አጫጭር ቃላት ይመለሳል። ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው፦ ደብተር የሐሰት ድረ ገጽን አይለይም። ሶፍትዌሮቹ ቃሉን የሚሞሉት የገጹ አድራሻ ከተመዘገበው ጋር ሲገጥም ብቻ ስለሆነ፣ የባንክ ወይም የፌስቡክ ገጽን አስመስሎ በተሠራ ወጥመድ ፊት ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ደብተር የያዘ ሰው ግን አድራሻውን በራሱ ዓይን ፊደል በፊደል ማጣራት አለበት።

ከስልክና ከብራውዘር ጋር የሚመጡት

አንድሮይድ ስልክ ወይም ክሮም የሚጠቀም ሰው የጉግል የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ሳያወርድ አለው፤ የአይፎን ተጠቃሚም እንዲሁ የአፕል አለው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ከአይኦኤስ 18 ጋር ፓስዎርድስ የተባለ ራሱን የቻለ መተግበሪያ አውጥቶለታል። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ጠንካራ ቃል ይፈጥራሉ፤ ሳይጠየቁ ይሞላሉ፤ ስልኩ ላይ የተቀመጠውን ያለ ኢንተርኔትም ያሳያሉ። ምንም ማስቀመጫ ለማይጠቀም ሰው ከሁሉም ቀላሉ እርምጃ ይህ ነው።

ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድ አካውንት ላይ ይንጠለጠላል። የጉግል አካውንቱ ከተወሰደ ቃሎቹም አብረው ይወሰዳሉ፤ ወደ አካውንቱ መልሶ መግባት ካልተቻለም ሁሉም አንድ ላይ ይዘጋሉ። የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ይብሳል። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው የአገር ቤት ሲሙ ከተዘጋ በኋላ አዲስ ስልክ ላይ ሊገባ ሲሞክር ኮዱ በእጁ ወደሌለ ቁጥር ይላካል። ጉግል ለዚህ መፍትሔ አዘጋጅቷል፦ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን አሠራር፣ ያበራ ሰው እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ ያላቸው 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ያገኛል። እነዚህን በወረቀት አትሞ ማስቀመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያደረገው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ስጋት የጋራ ኮምፒውተር ነው። በቢሮ ወይም በኢንተርኔት ቤት ክሮም ውስጥ በራሱ አካውንት ገብቶ ሳይወጣ የሄደ ሰው ቃሎቹን ሁሉ ለቀጣዩ ተቀማጭ ትቶለታል። ከዚህ ጋር የሚሄደው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ነው፤ በብራውዘር የተቀመጡ ቃሎችን ለቅሞ የሚልክ ቫይረስ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። በእርግጥ ቫይረስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ የትኛውም ማስቀመጫ ሙሉ ዋስትና የለውም፤ ይሁንና ብራውዘሩ የመጀመሪያ ዒላማ ነው። ፋየርፎክስ በኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጫው የራሱ ዋና የይለፍ ቃል፣ ማለትም የተቀመጡትን ሁሉ የሚከፍት አንድ ቃል፣ እንዲደረግለት መፍቀዱ ለጋራ ኮምፒውተር የተሻለ ያደርገዋል።

የአፕሉ ማስቀመጫ በአፕል መሣሪያዎች ላይ እንከን የለሽ ሊባል ይችላል፤ በዊንዶውስም መንገድ አለው፤ በአንድሮይድ ግን የለም። ከቤተሰቡ ግማሹ ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ ለሚይዝበት ቤት ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው።

ቢትዋርደን

ቢትዋርደን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ የፕሮግራም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ማስቀመጫ ነው። ቃሎቹ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ከተመሰጠሩ በኋላ ወደ አገልጋዩ ስለሚላኩ፣ ድርጅቱ የሚይዘው ራሱ የማይከፍተውን ካዝና ነው። ነጻው አገልግሎት በቃላት ብዛትም በመሣሪያ ብዛትም ገደብ አለማድረጉ ከብዙዎቹ ይለየዋል፤ በአንድሮይድ፣ በአይፎን፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ እኩል ይሠራል። በነጻው አገልግሎት ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ቃሎችን መጋራትም ይቻላል፤ ለባልና ሚስት ወይም ለአንድ ሱቅ ባለቤትና ለድረ ገጽ ሠሪው ይህ ይበቃል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀደም ሲል በተገባበት መሣሪያ ላይ ያሉትን ማንበብ ይቻላል፤ አዲስ መጨመር ወይም ማስተካከል ግን አይቻልም።

ዋናውን የይለፍ ቃል የረሳ ሰው ለድርጅቱ ቢጽፍ ሊረዱት አይችሉም፤ አለመቻላቸው የአሠራሩ ባሕርይ ነው። አንድ ወጥመድም አለ፤ በቅርብ የማውቀው ሰው ገብቶበት ስላየሁ በዝርዝር እነግራለሁ። ቢትዋርደን እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያላበራ ሰው በአዲስ መሣሪያ ሲገባ ኮድ ወደ ኢሜይሉ ይልካል። ይህ ሰው የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ያስቀመጠው ካዝናው ውስጥ ነበር። ስልኩ ሲጠፋ ካዝናውን ለመክፈት ኢሜይሉ አስፈለገው፤ ኢሜይሉን ለመክፈት ደግሞ ካዝናው። ዋናውን ቃል በደንብ ያስታውስ ነበር፤ ከሁለቱም ውጭ ሆኖ ግን አራት ቀን ቆየ። የዳነው በቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ ኢሜይሉ ሳይዘጋ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ የኢሜይል ቃል ከካዝናው ውጭም በወረቀት መኖር አለበት።

ኪፓስ እና ቤተሰቡ

ኪፓስ እ.ኤ.አ. በ2003 ለዊንዶውስ የተሠራ ነጻና ክፍት ፕሮግራም ሲሆን፣ ዛሬ በዚያው የፋይል ዓይነት የሚሠሩ ወንድሞች አሉት፦ ለኮምፒውተር ኪፓስ ኤክስሲ፣ ለአንድሮይድ ኪፓስ ዲኤክስ፣ ለአይፎን ኪፓሲየም። ከሌሎቹ የሚለየው አገልጋይም ድርጅትም መሐል ላይ አለመኖሩ ነው። ቃሎቹ ሁሉ በአንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ ፋይሉም ባለቤቱ ባስቀመጠበት ቦታ ብቻ ይገኛል። አካውንት መክፈት የለም፤ ክፍያ የለም፤ ኢንተርኔት ቢኖር ባይኖር ማንበብም ማስተካከልም ይቻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚኖርና ኮምፒውተር ለለመደ ሰው ከዚህ የሚስማማ አላገኘሁም።

ዋጋው የሚከፈለው በድካም ነው። ስልክና ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ፋይል እንዲይዙ የሚያደርገው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ በጉግል ድራይቭ ሊሆን ይችላል፣ በፍላሽም ሊሆን ይችላል። በሁለት ቦታ የተለያየ ለውጥ ካደረገና አንዱን በሌላው ላይ ከገለበጠ፣ አዲስ ያስገባው ቃል ይጠፋል። ፋይሉ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ካለና ስልኩ ከተሰረቀ ማንም አይመልስለትም። ስለዚህ ኪፓስን የመረጠ ሰው ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ቅጂዎች በተለያየ ቦታ ሊኖሩት ይገባል። ሲያወርድም መጠንቀቅ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አጥቂዎች የኪፓስን ድረ ገጽ አድራሻ ከአንድ ፊደል ሥር ምልክት ብቻ ጨምረው አስመስለው በመሥራት በጉግል ማስታወቂያ ሲያሠራጩ ተገኝተዋል።

ዋንፓስዎርድ

ዋንፓስዎርድ በክፍያ ብቻ የሚሠራ የካናዳ ድርጅት ምርት ነው። ጥንካሬው ከዋናው የይለፍ ቃል በተጨማሪ በመሣሪያው ላይ የሚፈጠር 34 ፊደልና ቁጥር ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ መጠቀሙ ነው፤ የድርጅቱ አገልጋይ ቢዘረፍ እንኳ ደካማ ዋና ቃል ያለው ሰው ካዝና በግምት አይከፈትም። የዚህ ጥቅም የታየው በሌላ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ድርጅት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የላስትፓስ ደንበኞች ካዝና ቅጂ ሲዘረፍ ዋና ቃላቸው ደካማ የሆኑ ሰዎች ለግምት ተጋልጠዋል፤ የድረ ገጾቹ አድራሻዎችም ሳይመሰጠሩ የተቀመጡ ስለነበሩ ማን የት አካውንት እንዳለው ታውቋል። ላስትፓስን በዝርዝር ያላወዳደርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዋንፓስዎርድ የቤተሰብ አገልግሎት ውስጥ አንዱ አባል ቃሉን ቢረሳ አስተባባሪው መልሶ ሊያስገባው ይችላል፤ በመልሶ መግባት ረገድ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ ካዝናው አይሰረዝም፤ ማንበብና ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል፣ አዲስ መጨመር ግን አይቻልም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው የአገር ቤት ነዋሪ አይመከርም። ውጭ አገር ለሚኖርና ወላጆቹን በርቀት ለሚረዳ ልጅ ግን ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

በሰንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | ክፍያ | ያለ ኢንተርኔት | ስልክ ሲጠፋ መልሶ መግባት | ማጋራት | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ደብተር | የለም ማለት ይቻላል | ይሠራል | ደብተሩ ካለ ወዲያው | በእጅ ብቻ | ምትኬ የለውም፣ ሐሰተኛ ገጽ አይለይም |
| ጉግል ወይም አፕል | ነጻ | በመሣሪያው ላይ ያለው ይነበባል | በአካውንቱ መመለስ ላይ የተመሠረተ | ለቤተሰብ | ሁሉም በአንድ አካውንት ላይ |
| ቢትዋርደን | ነጻ፣ ተጨማሪው በዶላር | ማንበብ ብቻ | ዋና ቃልና ኢሜይል ካሉ | በነጻ ለአንድ ሌላ ሰው | ዋና ቃል ከተረሳ መመለሻ የለም |
| ኪፓስ | ነጻ | ሙሉ በሙሉ | የፋይሉ ቅጂ ካለ | ፋይሉን በመስጠት | ቅጂውን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው |
| ዋንፓስዎርድ | በዶላር፣ በየጊዜው | ይሠራል | በቤተሰብ አስተባባሪ ወይም በወረቀት በታተመ ምስጢራዊ ቁልፍና በዋና ቃል | ከሁሉም የተመቸ | የክፍያ ካርድ ይጠይቃል |

ለድረ ገጽ ባለቤቶች

ያገለገልኩበት አንድ ማኅበር ድረ ገጽ ያሠራው በአንድ ወጣት ባለሙያ ነበር። ዶሜይኑን (የድረ ገጹን የአድራሻ ስም) ያስመዘገበው በራሱ የግል ኢሜይል ነው፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ነው። ልጁ ወደ ውጭ ሲሄድ የእድሳት ማሳሰቢያዎች ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ሲላኩ ከርመው ጊዜው አለፈ፤ ዶሜይኑን ሌላ ሰው ወሰደው። በቢዝነስ ካርድና በደብዳቤ ራስጌ ላይ የታተመው አድራሻ ዛሬ የማናውቀውን ገጽ ይከፍታል። የቱንም ማስቀመጫ ብንመርጥ ኖሮ፣ አካውንቱ በማኅበሩ ኢሜይል ካልተከፈተ ምንም አይጠቅመንም ነበር።

ስለዚህ ድረ ገጽ ያለው ሰው መጀመሪያ አራት ቁልፎችን በራሱ ወይም በድርጅቱ ስም ማድረግ አለበት፦ የዶሜይኑን፣ የሆስቲንጉን (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን አገልግሎት)፣ የዎርድፕረስ አስተዳዳሪውን፣ እነዚህ ሁሉ የተመዘገቡበትን ኢሜይል። ለሠሪው የራሱ የተለየ የዎርድፕረስ መግቢያ ይከፈትለታል እንጂ የባለቤቱ አይሰጠውም፤ ሥራው ሲያልቅ ያ መግቢያ ብቻ ይዘጋል። ከአንድ ባለሙያ ጋር ለሚሠራ ትንሽ ሱቅ የቢትዋርደን ነጻ አገልግሎት በቂ ነው። ሦስት አራት ሰዎች የሚገቡበት ቢሮ ከሆነ የሚከፈልበት የቡድን አገልግሎት ያስፈልጋል፤ መክፈል ካልተቻለም አንድ ኃላፊ የሚይዘው የኪፓስ ፋይል በቢሮው ካዝና ውስጥ ከሚቀመጥ ፍላሽ ጋር ይሠራል።

ለሌሎች እንደየሁኔታቸው

ሶፍትዌር ለማይወዱ ወላጅ ደብተርና የስልኩ የራሱ ማስቀመጫ አብረው ይበቃሉ፤ የጂሜይሉን ቃል የስልክ ቤቱ ልጅ ከመረጠው ግን ዛሬውኑ ይቀየር። ስልክና ኮምፒውተር ለሚያፈራርቅ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ቢትዋርደንን እመርጣለሁ። ለጋዜጠኛ፣ ለጠበቃ፣ ወይም መረጃው በማንም አገልጋይ ላይ እንዳይሆን ለሚፈልግ ሰው ኪፓስ ይስማማል። በተለያየ አገር የሚኖር ቤተሰብ ከመካከሉ አንዱ በዶላር መክፈል ከቻለ ዋንፓስዎርድ ጥሩ ነው።

ከደብተር በቀር ሁሉም ዋና የይለፍ ቃል ወይም የአካውንት ቃል ስለሚፈልጉ፣ ስለ እሱ አንድ ነገር ማለት ይገባል። በግእዝ ፊደል አይጻፍ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው፤ የተዋሱት ስልክም የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ግን በጣም ጥሩ ነው፦ መዝገበ ቃላትን በዘፈቀደ አምስት ጊዜ ገልጦ፣ እንደ ጀበና፣ ዝናር፣ ቀጭኔ፣ ምሰሶ፣ አተር ያሉ የማይገናኙ ቃላትን መያዝና አጻጻፋቸውን በወረቀት መወሰን። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ወይም የዘፈን ስንኝ አይሆንም፤ በብዙ ሰው አፍ ያለ ነገር በአጥቂም ዝርዝር ውስጥ አለ። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ርዝመት ከምልክት ብዛት እንደሚበልጥና ቃል አፈትልኮ ካልወጣ በየሦስት ወሩ መቀየር አስፈላጊ እንዳልሆነ ገልጿል።

ይህ ዋና ቃል፣ የኢሜይሉ ቃልና የመጠባበቂያ ኮዶቹ በአንድ ወረቀት ተጽፈው የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት በሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ይግቡ፤ ለሚታመን አንድ ሰውም ቦታው ይነገር። ከብራውዘር ወደ አዲሱ ማስቀመጫ ሲዛወሩ ክሮም ቃሎቹን ሁሉ በግልጽ በሚነበብ ፋይል ያወጣል። ፋይሉን በአዲሱ ማስቀመጫ ካስገቡና ሦስት አራት አካውንቶችን በትክክል መክፈታቸውን ካረጋገጡ በኋላ፣ ከዳውንሎድ ማኅደር፣ ከዚያም ከቆሻሻ መጣያው ይሰርዙት፤ በቴሌግራም ወደ ራስዎ ልከውት ከሆነም ከዚያ ጭምር።